ጉድጓዱን የደፈኑበት ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ። ከምትመሪው የአረጋውያን መጦሪያ ድረስ በእግርሽ መጥተሽ፣ ደጄ ላይ ቁጭ ብለሽ የጠየቅሽኝን በደንብ ሰምቻለሁ። «ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይታጠባሉ፤ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ቀኑን እንዲገፉበት ምን ልስጣቸው?» ነው ያልሽኝ። መልሱን በአንድ ቃል ብነግርሽ ከበሩ ሳትወጪ ትረሺዋለሽ። ስለዚህ ታገሺኝ። እኔ አራተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው ነኝ፤ ነገር አሳምሬ አላውቅም፤ ሰውም በቃሌ እንዳልበድል እፈራለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ነገር ሳነሣው ደሜ ይፈላል። ድምፄ ከፍ ካለ አንቺን የተቆጣሁ አይምሰልሽ። ደግሞም ትንሽ ብቆጣሽ አይከፋም።

እና አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ወጋሶ ይባላል። በልጅነቱ ለአባቱ ማግ የሚባለውን ክር በሸምበቆ ቀሰም ላይ ሲጠቀልል አደገ፤ እግሩ መርገጫው ላይ ሲደርስለት ደግሞ ራሱ ገባበት። ከዚያ በኋላ ስድሳ ዓመት ሸመነ። የሽመናን ነገር የከተማ ልጅ ስለሆንሽ ላታውቂው ትችያለሽና ልንገርሽ። ሸማኔ እንደ ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ አይሠራም። መሬቱ ይቆፈራል፣ ጉልበት ድረስ። ሸማኔው አፋፉ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል፤ ከታች መርገጫውን ይረግጣል፣ ከላይ ማጉን የተሸከመውን መወርወሪያ ይወረውራል። ጉድጓድ የሌለው ሸማኔ፣ እርሻ የሌለው ገበሬ ማለት ነው።

ወጋሶ ሚስቱ ሞተችበት። ልጅ አልነበራቸውም። የተከራያት ቤትም ለመንገድ ተብላ ፈረሰች። ጎረቤቶቹ አዝነው ወደ መጦሪያ ወሰዱት። ከዕቃው ሁሉ ይዞ የገባው መወርወሪያውን ብቻ ነበር፤ እጁ ስድሳ ዓመት ያሻሸው እንጨት ነውና እንደ መስታወት ያበራል። ትራሱ ሥር ሸጎጠው።

መጦሪያውን የሠራው አንድ ሀብታም ሰው ነበር። እናቱ እሱ ገና ሳያልፍለት ሰው ቤት እህል ስትፈጭ ኖራ ሞታበት፣ ያ ነገር አንጀቱን ሲበላው የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ ሲሠራ ምንም አልሰሰተም። ጣሪያው አያፈስም፣ ፍራሹ አይጎረብጥም፣ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል። ግቢው ጭቃ እንዳይኖረው ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ተለሰነ፤ ከማድ ቤቱ ጀርባ አንዲት ትንሽ የአፈር ቁራጭ ብቻ ቀረች። በሩ ላይ «የደከመ የሚያርፍበት» ብሎ አስጻፈ። ወጋሶ የገባ ቀን እጁን ይዞ፣ «አባቴ፣ እስከ ዛሬ ደክመዋል፤ ከእንግዲህ ገለባ እንኳ እንዳያነሡ» አለው። ወጋሶም አለቀሰ። በደስታ ነው ያለቀሰው።

አንድ ወር ተኛ፣ በላ፣ ተኛ። በሁለተኛው ወር የቀኝ እጁ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ይሉት ጀመር። በሦስተኛው ወር ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። ያን ጊዜ ፈራ። እጁ እየሞተ መሆኑን አወቀ፤ እሱ በሕይወት እያለ።

የቤቱ ኃላፊ አንዲት የተማረች ሴት ነበረች። ክፉ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ፣ ክፉ ብትሆንማ ነገሩ ቀላል ስለነበር ነው። አረጋውያኑን ሁሉ «አባባ» እና «እማማ» እያለች ታቆላምጣለች። ከግቢው እንዳይወጡ፣ እሳት እንዳይነኩ፣ ስለት እንዳይዙ ትጠብቃለች። ዓርብ ዓርብ ደግሞ «የመዝናኛ ቀን» አለ። የሕፃናት ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ታድላለች። ለወጋሶ የደረሰው ዶሮ የተሣለበት ነበር።

«አባባ፣ ዶሮዋን ቀለም ይቀቧት።»

«ምን አጥፍታ?»

«እንዲያው ለመዝናናት ነው እንጂ! ከመስመሩ እንዳይወጡ ብቻ።»

ከመስመሩ እንዳይወጡ! ይህን ለማን እንደምትናገር አላወቀችም። የቀሚስ ጥለት ሲያወጣ ከመቶ ክር አንዲት ክር ያልሳተ ሰው ነው እኮ። ወጋሶ ዶሮዋን ቀይ ቀባት። ኃላፊዋ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየችና፣ «ጎበዝ አባባ! አጨብጭቡላቸው!» አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። ወጋሶ ፊቱ እንደ ዶሮዋ ቀላ። ወደ አልጋው ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሰው ለምን ወደ ግድግዳ እንደሚዞር ጠይቀሽኝ አልነበር?

በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ የማትጠፋ አንዲት አጭር አሮጊት ነበረች፤ የሺመቤት ትባላለች። ፈታይ ነበረች። ወደ ቤቱ ስትገባ አንድ ጆንያ ልቃቂት ይዛ ነው የገባችው። ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ አንድ ጋቢ የሚወጣው ነው። ጆንያውን ዕቃ ቤት አስገቡባት፤ አይጥ ያመጣል ብለው። እንዝርቷንም ወሰዱባት።

«ትወጋሽ ይሆናል አሉኝ» አለችው ለወጋሶ። «ሰባ ዓመት ያልወጋችኝ እንዝርት፣ ዛሬ ቂም ይዛ ልትወጋኝ ነው? አንተስ ምን ነበርክ?»

«ሸማኔ ነኝ።»

«ነበርክ በል።»

«ነኝ አልኩሽ!»

ሳቀች። ጥርስ አልነበራትም፤ ግን ሳቋ ሙሉ ነበር። «ሸማኔ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። አንዱ ለፋሲካ አደርስልሻለሁ ብሎኝ ለመስቀል አመጣልኝ።»

«እኔ አከብራለሁ።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። ለባሏ ፈትላለች፤ ለልጆቿ፣ ለአማቾቿ፣ ለነፍስ አባቷ ፈትላለች። የራሷን ፈትል ግን አንድ ቀን ለብሳ አታውቅም። የጆንያው ልቃቂት የራሷ ነበር፤ ዓይኗ ሳይደክም ለራሷ ብላ የፈተለችው። የሚሠራላት ሳታገኝ ዘመኑ ሄደ።

«ክረምቱ ሲወጣ ትለብሺዋለሽ» አላት።

«በሕይወት ሳለሁ በል እንጂ፤ እኔ ክረምት ምን አውቅልሃለሁ» አለችው።

ሁለቱም ወደ ኃላፊዋ ሄዱ። እሷም አዘነችላቸው። «እማማዬ፣ ጋቢ እኮ ገበያ ሞልቷል፤ ለዘመን መለወጫ ለሁላችሁም ይታደላል» አለች። «እርስዎም አባባ፣ ቢደክሙ፣ ቢወድቁ፣ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። አሁን የዕረፍት ጊዜዎ ነው።» ትከሻውን መታ መታ አድርጋ ሸኘችው። ሕፃን እንደሚሸኝ።

ወጋሶ በማግሥቱ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄደ። ያቺ አፈር እዚያ ናት። በተጣለ የድስት ክዳን መቆፈር ጀመረ።

ወሬው በአረጋውያኑ መካከል እንዴት እንደ ተዳረሰ አይጠየቅም። አንድ የቀድሞ ወታደር ከተሰበረ አልጋ እንጨት ለቃቅሞ መጣ። አንድ ዓይነ ስውር መሪጌታ፣ «ዓይን የማይጠይቅ ሥራ ስጡኝ» አሉ፤ ከአጥሩ የተቆረጠ ሸምበቆ ተሰጣቸውና ቀሰም በጣታቸው እየለኩ ይቆርጡ ጀመር። ሴቶቹ ማን ማግ እንደሚጠቀልል ተጣሉ፤ በደንብ ተጣሉ፣ ተሰዳደቡም። ከወጋሶ ሙያ የተማረ አንድ የከተማው ሸማኔ ደግሞ የቀረውን ዕቃ ሊያውሰው ቃል ልኮለታል። ሦስት ቀን ማንም ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረም። የሺመቤት በየሰዓቱ እየመጣች፣ «አሁንም ጉልበትህ ድረስ አልደረሰም? አይ ሸማኔ!» እያለች ትሄዳለች። የወጋሶ እጅ ደማ፤ ጣቶቹ ግን ተዘረጉ።

በሦስተኛው ቀን ዘበኛው አየው። ሽማግሌ ሰው፣ ከአጥር ጥግ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አፈር ያወጣል። ዘበኛው እየሮጠ ሄደ፤ ኃላፊዋም እየሮጠች መጣች።

«አባባ! ምንድን ነው የሚቆፍሩት?»

«እግሬን የማስገባበት ነው።»

«እግርዎን?»

«አዎ። ከወገቤ በላይማ ውጭ ነኝ።»

ኃላፊዋ አማተበች። «ከእግራቸው ሊጀምሩ ነው!» አለች ለዘበኛው፣ በጆሮው።

«የሽመና ጉድጓድ ነው፣ ልጄ» አላት ወጋሶ።

«የሽመና ዕቃው የታለ ታዲያ?»

«ይመጣል።»

«ማን ያመጣዋል?»

ቃል የገባለትን ሰው በአጥር አሾልኮ ሊያስገባ ነበርና፣ እንዳያስይዘው ፈርቶ ዝም አለ። እሷ ዝምታውን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። መቃብሩን እየቆፈረ መሰላት። ያቺ ምስኪን እንባዋ ወረደ። አየሽ? መጽሐፍ አንብባለች፣ ሽማግሌን መንከባከብ ተምራለች፤ ሽማግሌ ሲቆፍር ስታይ ግን ከመቃብር ሌላ ጉድጓድ አልታያትም። ሽማግሌ ሌላ ምን ጉድጓድ ያስፈልገዋል!

ሀብታሙ ተጠራ። መጥቶ ጉድጓዱን አየና እሱም አለቀሰ። «አባቴ፣ ምን አጎደልኩብዎት? ሞትን ለምን ይጠራሉ?»

«ሞትን አልጠራሁም። የጠራሁት ሥራዬን ነው።»

ሀብታሙ ኃላፊዋን አያት፤ ኃላፊዋ ራሷን ነቀነቀች። ወጋሶ ሐኪም ዘንድ ተወሰደና የሚያስተኛ ክኒን ታዘዘለት። ተኝቶ ሲነቃ ጉድጓዱ በድንጋይ ተሞልቶ፣ ያቺ የቀረችው አፈር ሁሉ ሲሚንቶ ተለስናለች። ሰው ወድቆ እንዳይሰበር ነው አሉት። ወታደሩ የለቀመው እንጨት ተነሥቷል፤ የመሪጌታ ቀሰምም ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል። የዚያን ዓርብ ኃላፊዋ እንዲጽናኑ ብላ ፊኛ አመጣችላቸው። ንፉ አለቻቸው። ነፉ።

ክረምቱ ገባ። የሺመቤት ትስል ጀመር። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወጋሶን አስጠራችው። «ሸማኔ» አለችው፣ «እንዳልኩህ ነው፤ ቀጠሮ አታከብሩም።» ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። በሁለተኛው ቀን ሞተች። ስትወጣ በመጦሪያው አንሶላ ተጠቅልላ ነበር፤ ትከሻዋ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የመጦሪያው ንብረት» የሚል ማኅተም አለ። ንብረት! ሰባ ዓመት አገር ያለበሰች ሴት! ልቃቂቷ ከዚያው ዕቃ ቤት፣ ከአልጋዋ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ተቆልፎበታል።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሆነ። ሀብታሙ እንግዶቹን ይዞ መጣ፤ በግ ታረደ። አረጋውያኑን በረድፍ አስቀምጠው፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት የፋብሪካ ጋቢ አለበሷቸው። ሥጋው ተበላ፤ ፎቶው ተነሣ። ከዚያ ሀብታሙ ተነሣና፣ «እንግዲህ እንደ ወጋችን፣ አባቶቻችን ይመርቁናል» አለ። እንግዶቹም ተነሡ፤ መዳፋቸውን ዘረጉ። በዕድሜ የሚበልጠው ወጋሶ ነበርና ሁሉም እሱን አዩት።

ወጋሶ ቆመ። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ እንደማንሣት፣ ወደ ጋቢው ውስጥ ከተታቸው።

«አባባ፣ እጅዎን…» አለች ኃላፊዋ በሹክሹክታ።

«እጅ የለኝም።»

«አባባ፣ እባክዎ! እንግዶች እኮ ናቸው።»

«ስሜ ማነው?» አላት።

ወደ እንግዶቹ አየች።

«ዓመት ሙሉ አባባ ስትይኝ ኖረሻል። ስሜ ማነው? ባለፈው ሳምንት በማኅተም ጠቅልላችሁ የሸኛችኋት ሴት ምን ሙያ ነበራት?» ከዚያ ወደ ሀብታሙ ዞረ። «ልጄ፣ አብልተኸኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። አልብሰኸኛል። ግን እጄን ከማድ ቤት ጀርባ በሲሚንቶ ቀብረኸዋል። ምርቃት ደግሞ የሚሰጠው በእጅ ነው። በምን ልመርቅህ? ዶሮ በቀባሁበት?»

ከኋላው ወታደሩ እጆቹን ወደ ጋቢው ከተተ። መሪጌታም ከተቱ። ሴቶቹም አንድ በአንድ። እንግዶቹ መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ፤ የሚወድቅበት ምርቃት አልነበረም። አንዲት እንግዳ የሳቀች መሰላት፣ ግን አለቀሰች። ሽማግሌ ሳይመርቀው ከቤት የወጣ ሰው እንዴት እንደሚሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዱ የአንዱን ፊት ሳያይ ተበተኑ።

ሀብታሙ ተቆጥቶ ነው የሄደው። ውለታ ቢስ ብሏቸዋል፤ እውነቱን እንዳልደብቅሽ። ቤቱ ገብቶ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። እናቱን አሰበ። እናቱ ስትፈጭ ታንጎራጉር እንደነበር፣ አርጅታለች ተብሎ ወፍጮው ሲነጠቅባት ግን ዝም እንዳለች ትዝ አለው። በበዓሉ ጠዋት ብቻውን፣ መዶሻና ዶማ ይዞ መጣ። ኮቱን አውልቆ ሲሚንቶውን ይፈነካክት ጀመር። እጁ ውሃ ቋጠረ። አረጋውያኑ ዙሪያውን ቆመው፣ «ወደ ግራ! እንዲያ አይደለም! ዶማ ይዘህ አታውቅም እንዴ?» እያሉ አዘዙት፣ ሰደቡትም። እሱም ሰማቸው። ጉልበት ድረስ ሲደርስ ቀና ብሎ፣ «አሁንስ ይመርቁኛል?» አለ።

«ቆይ። ዕቃ ቤቱን ክፈት» አለው ወጋሶ።

ጆንያው ወጣ። አይጥ ሁለት ልቃቂት በልቷል። አይጥ እንዳያመጣ ብለው አልነበር የወሰዱባት! ወጋሶ የክሩን ጫፍ ለሀብታሙ አስያዘው፤ ድር የሚያደራ ሰው ክሩን ለመዘርጋት ከችካል ወደ ችካል መመላለስ አለበትና። ሀብታሙ እስከ እኩለ ቀን ተመላለሰ። ኃላፊዋም ወጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። ማንም ጎበዝ አላላቸውም፤ ማንም አላጨበጨበላቸውም።

ቃል የገባው ሸማኔም የቀረውን ዕቃ በአጥር ሳይሆን በበሩ ይዞ ገባ። ጋቢው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። መጀመሪያው ስንዝር ዳሩ ጠማማ ነው፤ የወጋሶ እጅ ገና አልተፍታታም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱ ልቃቂት ስለጎደለ ግን አንድ ክንድ አጠረ። ዘርግተው ሲያዩት ሀብታሙ፣ «አጠረ እኮ፤ ለማን ይሆናል?» አለ።

«እሷ አጭር ነበረች» አለ ወጋሶ። «ይበቃት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ነው እጁን ያነሣው። «እጅህ ሥራ እንደያዘ ፈጣሪ ይጥራህ» ብሎ መረቀው፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

እንግዲህ፣ ልጄ፣ ወዳንቺ ልመለስ። ሀብታሙ ማን እንደሆነ አውቀሻል፤ ኃላፊዋም ማን እንደሆነች። ሲሚንቶው ክፋት አልነበረም፤ ርኅራኄ ነው። ሰውን በርኅራኄ መቅበር እንደሚቻል እዪ። ጉድጓዱ ደግሞ ሰው እግሩን ተክሎ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚልበት ቦታ ነው፤ አንዱ በፈትል ይለዋል፣ አንዱ በዜማ፣ አንዱ ችግኝ በመትከል፣ አንዱ ተረት በማውራት፣ አንዱ ሽንብራ እየለቀመ ከጎረቤቱ ጋር በመጣላት። ያንን ከደፈንሽበት በኋላ ፊኛ ብታመጪለት፣ ቴሌቪዥን ብትሰቅዪለት፣ ዶሮ ሥለሽ ቀለም ቀባ ብትዪው፣ ወደ ግድግዳ ይዞራል። ግድግዳው ቢያንስ አያጨበጭብለትም።

ምን ልስጣቸው አልሽኝ። እኔ ደግሞ እጠይቅሻለሁ፤ ምን ወሰድሽባቸው? ዛሬ ስትመለሺ ወደ ገበያ አትሂጂ። ዕቃ ቤትሽን ክፈቺ፤ የማን ጆንያ እንዳለ እዪ። ከዚያ በየአልጋው ሂጂና ስማቸውን ጠይቂ፤ ከስማቸው ቀጥሎ ሙያቸውን። ስለት ነው፣ እሳት ነው፣ ይወድቃሉ ብለሽ ትፈሪያለሽ፤ እኔም ፈሪ ሰው ነኝና ፍርሃትሽን አልንቅም። አጠገባቸው ቆመሽ ፍሪ። ለነገ ግን አታሳድሪው። የሺመቤትን ክረምቱ አልጠበቃትም።

የመጨረሻው ልመናዬ ነው። እኔም ጉልበቴ እየከዳኝ ነው፤ አንድ ቀን ሰዎች ደግፈው ወደ በርሽ ያመጡኛል። ያን ቀን አልጋዬን ከማሳየትሽ በፊት እጄን ያዢና እዪልኝ። ምን ሲሠራ እንደኖረ ጠይቂኝ። ሳልመልስልሽ ደግሞ «ይረፉ» እንዳትዪኝ።